ጥሩው ፊልም ለምን ይከስራል? የተመልካች አመኔታ እና የተከታታይ ፊልሞች ሒሳብ

የሱፐርሂሮ (ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች) ፊልሞችን የሚሠራው ማርቭል ስቱዲዮስ በ2025 ሦስት ፊልሞች ለሲኒማ አቀረበ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፌብሩዋሪ የወጣውን «ካፕቴን አሜሪካ፦ ብሬቭ ኒው ወርልድ»ን ሐያስያን አጣጣሉት፤ ያየውም ሰው ብዙ አልተደሰተበትም። እንዲያም ሆኖ በዓለም ዙሪያ 415 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስገባ። በሜይ የተከተለው «ተንደርቦልትስ» ሐያሲውም ተመልካቹም አመሰገኑት፤ ገቢው ግን 382 ሚሊዮን አካባቢ ቀረ። የተወደደው ካልተወደደው ያነሰ ሸጠ ማለት ነው። በጁላይ የመጣው «ፋንታስቲክ ፎር» ደግሞ፣ ያዩት ቢወዱትም፣ በሰሜን አሜሪካ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት 118 ሚሊዮን ገደማ ሰብስቦ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ከዚያ ላይ ሁለት ሦስተኛውን አጣ።

ከዚያ በኋላ የተነሳው ክርክር የታወቀ ነው። አንዱ «ሰው ሱፐርሂሮ ሰልችቶታል» ይላል። ሌላው «በበይነመረብ የተከፈተ ዘመቻ ነው» ብሎ ይከራከራል። ሦስተኛው «እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ፊልሞቹ ያን ያህል አልነበሩም» ባይ ነው። ሦስቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። ነገር ግን ሁሉም መልሱን የሚፈልጉት በዚያው በተለቀቀው ፊልም ዙሪያ ነው። አንድ ተከታታይ ፊልም ሲወጣ የሚያገኘው አቀባበል ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ከእሱ በፊት በነበረው ፊልም ነው።

ዱቤው ምንድን ነው?

ፍራንቻይዝ የሚባለው በአንድ ስም፣ በአንድ የገጸ ባሕርያት ስብስብ ወይም በአንድ ምናባዊ ዓለም ሥር የሚወጡ ፊልሞች፣ ተከታታይ ድራማዎችና ሸቀጦች ቤተሰብ ነው። ጉድዊል ደግሞ ከንግድ ሒሳብ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ከዕቃውና ከሕንፃው ተለይቶ ስሙ ብቻ ያለውን ዋጋ ያመለክታል። በአማርኛ መልካም ስም ልንለው እንችላለን፤ በፊልም ጉዳይ ግን «ዱቤ» የሚለው ቃል ነገሩን ይበልጥ ያሳያል። እዚህ ባለሱቁ ተመልካቹ ነው፤ ፊልሙ ደንበኛ ነው። ባለሱቁ ያለ ማስያዣ ዕቃ የሚያበድረው ባለፈው ወር በአግባቡ ለከፈለው ሰው ነው። ያልከፈለው ሰው ዛሬ ጥሬ ገንዘብ ይዞ ቢመጣ እንኳ መጀመሪያ የሚታየው መዝገቡ ነው።

የዱቤው አንዱ ጥቅም ፊልሙን ማንም ሳያየው ትኬት ማሸጡ ነው። ስቱዲዮዎች ደግሞ ይህን በሲኒማ ቤቶች ላይ ጉልበት ያደርጉታል። በ2017 ዲዝኒ «ስታር ዋርስ፦ ዘ ላስት ጀዳይ»ን ለማሳየት ከሚፈልጉ የአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች ከትኬት ገቢው 65 በመቶውን እንደጠየቀ፣ ፊልሙም ቢያንስ ለ4 ሳምንት በትልቁ አዳራሽ እንዲቆይ ግዴታ እንዳስገባ በወቅቱ ተዘግቧል። የተለመደው የስቱዲዮ ድርሻ ከግማሽ ብዙም የማይርቅ ነው። ሲኒማ ቤቶቹ ተዋዋሉ፤ ምክንያቱም ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው «ዘ ፎርስ አዌከንስ» በሰሜን አሜሪካ ብቻ 937 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሸጦ ነበር።

ሁለተኛው ጥቅም የአዳራሹ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ፊልሙ ሲታይ የሚሠራ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዊን ሆላንደር በ1958 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ የቡድን አባል ከወግ የማፈንገጥ ፈቃድ የሚያገኘው ቀድሞ ባጠራቀመው መልካም ግምት ልክ እንደሆነ አስረድቷል። ሐሳቡ የተነሳው ስለ መሪዎች ነው፤ ለተከታታይ ፊልም ግን ልክክ ይላል። መዝገቡ የሞላለት ፊልም እንግዳ ነገር ሲሞክር «ድፍረት» ይባልለታል። ያው ሙከራ ከባዶ መዝገብ ሲመጣ «ታሪኩን አበላሹት» ይባላል።

ያው ጉድለት፣ ሁለት ፍርድ

በ1977 የመጀመሪያው «ስታር ዋርስ» ላይ የጨረቃ ያህል የሚገዝፍ የጦር ጣቢያ በሁለት ሜትር ቀዳዳ በገባ ተተኳሽ ይፈነዳል። ይህን የሚያህል ነገር የሠሩ መሐንዲሶች ቀዳዳውን ለምን ክፍት ተዉት? ፊልሙ አይመልስም። ተመልካቹ 40 ዓመት ሊሞላ ምንም ሳይቀረው ድረስ በነገሩ ሲቀልድ ኖረ፤ ቀልዱ ግን የቤተሰብ ቀልድ ነበር። በ2016 የወጣው «ሮግ ዋን» ቀዳዳው ዋናው መሐንዲስ ሆን ብሎ የተወው ሻጥር እንደነበር ተረከ፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይም አስገባ። ጉድለቱ ራሱ ለሌላ ፊልም መነሻ ሆነ።

አሁን ወደ 2019 እንምጣ። በዋናው የስታር ዋርስ ተከታታይ ዘጠነኛ በሆነው «ዘ ራይዝ ኦፍ ስካይዎከር» ላይ፣ በ1983ቱ ፊልም ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተወርውሮ ሲሞት የታየው ንጉሠ ነገሥት ፓልፓቲን በሕይወት ይመለሳል። ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ነገሩን የሚያስረዳው «እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ፓልፓቲን ተመልሷል» በሚል አንድ መስመር ነው። ይህች መስመር እስከ ዛሬ መሳለቂያ ናት።

በእርግጥ ሁለቱ ጉድለቶች እኩል አይከብዱም የሚል ክርክር አለ፤ ተገቢም ነው። ቀዳዳው የአንድ ትዕይንት ጉዳይ ነው፤ የፓልፓቲን መመለስ ግን የሙሉው ፊልም ምሰሶ ነው። ቢሆንም የክብደቱ ልዩነት ብቻውን የምላሹን ልዩነት አይሞላውም። በመጀመሪያው ጊዜ ተመልካቹ ክፍተቱን በራሱ ምናብ ደፍኖለታል፤ በሁለተኛው ክፍተቱን አስፍቶ አሳየ። ከሁለት ዓመት በፊት የወጣው «ዘ ላስት ጀዳይ» የደጋፊውን ሰፈር ለሁለት ከፍሎ ስለነበር ዘጠነኛው ፊልም የመጣው በጎደለ መዝገብ ላይ ነው። ሥነ ልቦና ውስጥ ሃሎ ኢፌክት የሚባለው፣ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 የጦር መኮንኖች የበታቾቻቸውን ሲመዝኑ ያስተዋለው ነገር እዚህም ይሠራል፤ አንዱ ጠባይ የተወደደለት ሰው ሌላውም ጠባዩ ከፍ ብሎ ይመዘንለታል። ተቃራኒውም እንዲሁ ነው።

ሒሳቡ አንድ ፊልም ዘግይቶ ይመጣል

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው የባትማን ታሪክ ነው። የ1997ቱ «ባትማን ኤንድ ሮቢን» መሳቂያ ሆኖ ስሙን ለስምንት ዓመት ከሲኒማ አራቀው። በ2005 «ባትማን ቢጊንስ» ሲወጣ ሐያስያን አደነቁት፤ የመክፈቻው ቅዳሜና እሑድ ገቢ ግን 48 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሏል። ይሁንና ያየ ላላየ እያወራ ፊልሙ ቀስ በቀስ ወደ 205 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከመክፈቻው አራት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። ሽልማቱን የወሰደው ግን ቀጣዩ ፊልም ነው። «ዘ ዳርክ ናይት» በ2008 በሦስት ቀን ብቻ 158 ሚሊዮን ሰብስቦ ከፈተ፤ በዓለም ዙሪያም 1 ቢሊዮን ተሻገረ። በፊልሙ የተጫወተው የሂዝ ሌጀር ድንገተኛ ሞት የሳበው ትኩረት ድርሻ እንደነበረው አይካድም። ነገር ግን በመክፈቻ ምሽት ወረፋ የያዘው ሰው ሁለተኛውን ፊልም ገና አላየውም። ያየው የመጀመሪያውን ነው።

ተቃራኒው ደግሞ ትራንስፎርመርስ ነው። ሦስተኛው (2011) እና አራተኛው (2014) ፊልም ሐያስያን ቢዘልፏቸውም እያንዳንዳቸው ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሸጡ። «ተመልካች ስለ ጥራት ግድ የለውም» የሚለው ድምዳሜ ያኔ በሰፊው ተሰማ። የሰሜን አሜሪካውን ገቢ ነጥሎ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያነባል፤ ሦስተኛው 352 ሚሊዮን፣ አራተኛው 245፣ አምስተኛው 130። መዝገቡ ቀድሞም እየፈሰሰ ነበር፤ ለጊዜው የሸፈነው የቻይና ገበያ ነው። በ2018 «በምብልቢ» መጣ። ከዘጠና በመቶ በላይ የሆኑት ሐያስያን የወደዱት ፊልም ቢሆንም በሰሜን አሜሪካ ከአምስተኛው እንኳ በጥቂት አንሶ 127 ሚሊዮን አካባቢ ቆመ። ዕዳውን የከፈለው ጥፋቱን ያልሠራው ፊልም ነው። በ2024 የወጣው «ትራንስፎርመርስ ዋን» ተመልካቾቹ ከፍተኛ ውጤት ሰጥተውትም በመላው ዓለም 129 ሚሊዮን ብቻ አገኘ። የ2019ኙ «ተርሚኔተር፦ ዳርክ ፌት»ም ከሁለቱ ቀዳሚዎቹ የተሻለ ተብሎ በ261 ሚሊዮን ከስሯል።

ዱቤ ተውሶ መክፈትም ይቻላል። «ካፕቴን ማርቭል» በማርች 2019 ወጥቶ 1.13 ቢሊዮን ሸጠ። ይህ ገቢ የገጸ ባሕርይዋ ብቻ አልነበረም። ከዓመት በፊት የማርቭሉ «ኢንፊኒቲ ዋር» በታሪኩ የሕያዋንን ግማሽ አጥፍቶ በማብቂያው ትዕይንት የእርሷን ምልክት አሳይቶ ነበር፤ ተከታዩ «ኤንድጌም» ሊወጣ ደግሞ ሰባት ሳምንት ቀርቶታል። ፊልሟ በሁለት ትላልቅ ፊልሞች መካከል የቆመ ድልድይ ነበር። ድልድዩ ሲነሳ የራሷ መዝገብ ታየ፤ ተከታዩ «ዘ ማርቭልስ» በ2023 በ206 ሚሊዮን ከማርቭል ስቱዲዮስ ፊልሞች ሁሉ ዝቅተኛው ሆነ።

ቁጥሩን እንዴት ማንበብ ይቻላል?

ጠቅላላ ገቢ ብቻውን ብዙ አይናገርም። መጀመሪያ መለየት ያለበት የመክፈቻው ገቢ ነው፤ ከዓርብ እስከ እሑድ ያለው፣ የሐሙስ ማታ ቅድመ እይታ ተጨምሮበት። ይህ ያለፈው ፊልም ዱቤና የማስታወቂያ ውጤት ነው። ቀጥሎ ጠቅላላውን የሰሜን አሜሪካ ገቢ ለመክፈቻው ማካፈል ነው። ውጤቱን ማባዣ እንበለው፤ እሱ የራሱ የፊልሙ ሥራ ነው። «ባትማን ቨርሰስ ሱፐርማን» በማርች 2016 በ166 ሚሊዮን ከፍቶ በ330 ጨረሰ፤ ማባዣው 2 ነው። «ወንደር ዉማን» በቀጣዩ ዓመት በ103 ከፍታ 412 ደረሰች፤ ማባዣዋ 4 ነው። ሁለቱ የአንድ ዓለም ፊልሞች ናቸው። የመጀመሪያው ዱቤውን በልቶ ወጣ፤ ሁለተኛዋ ባነሰ ዱቤ ገብታ ትርፍ ጥላ ሄደች። በአሜሪካ በጋ የሚወጣ ሱፐርሂሮ ፊልም ከ2.5 በላይ ካገኘ ደህና ነው፤ ወደ 2 ከወረደ ደጋፊው መጥቶ አይቶ ለጓደኛው ዝም ብሏል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው የቀን መቁጠሪያውን ሲረሳ ነው። «ዘ ላስት ጀዳይ» በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ 68 በመቶ ገደማ መውደቁ ለውድቀቱ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል። በዚያ ዓመት ግን የፈረንጆች ገና ዋዜማ የዋለው እሑድ ላይ ነው፤ ዋዜማ ደግሞ ሲኒማ የሚቀዘቅዝበት ቀን ነው። «ዘ ፎርስ አዌከንስ» በሁለተኛው ሳምንት 40 በመቶ ብቻ ሲወርድ ገና ዓርብ ላይ ውሎለት ነበር። ከመላው ጉዞው የወጣው ማባዣ የበለጠ ይታመናል፤ ለ«ዘ ላስት ጀዳይ» 2.8፣ ለ«ዘ ፎርስ አዌከንስ» 3.8 ገደማ። ቅናሽ አለ፤ በሁለተኛው ሳምንት ብቻ የሚታየውን ያህል ግን አይደለም።

የደረጃ ውጤቶችም የሚለኩት የተለያየ ሰው ነው። ሲኒማስኮር የሚባለው ድርጅት ከ1979 ጀምሮ በመክፈቻ ምሽት ከአዳራሽ ለሚወጣ ሰው ካርድ ሰጥቶ ከኤ ፕላስ እስከ ኤፍ ያስመዝናል። በዚያ ምሽት የሚገኘው ገንዘቡን ቀድሞ የከፈለ ደጋፊ ስለሆነ ኤ ማይነስ «ጥሩ»፣ ቢ ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ሮተን ቶሜቶስ ላይ የሚታየው የሐያስያን መቶኛ የአማካይ ነጥብ አይደለም፤ ፊልሙን በበጎ ያዩት ድርሻ ነው። መቶ ሐያስያን ሁሉም ከ10 ስድስት ቢሰጡት ውጤቱ 100 በመቶ ሊሆን ይችላል። የተመልካች ውጤቱ ደግሞ እስከ 2019 ድረስ ትኬት ለገዛውም ላልገዛውም ክፍት ነበር። «ዘ ላስት ጀዳይ» ከሲኒማስኮር ኤ አግኝቶ በዚያ ድረ ገጽ የተመልካች ውጤቱ በ40ዎቹ የወደቀው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በሜይ 2019 ትኬት መግዛታቸው የተረጋገጠ ሰዎች ውጤት ለብቻው መታየት ጀመረ።

ዘመቻ ነው? ወይስ ብዛት?

ሳያዩ ዝቅተኛ ውጤት የሚያጎርፉ ሰዎች እንዳሉ ጥርጥር የለውም። በ2018 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት ለ«ዘ ላስት ጀዳይ» ዳይሬክተር የተላኩ 967 የትዊተር መልእክቶችን መርምሮ አሉታዊዎቹ አንድ አምስተኛ ገደማ መሆናቸውን፣ ከእነሱም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የፖለቲካ ዓላማ ያላቸው ወይም ሰው ያልጻፋቸው ሳይሆኑ እንደማይቀር ገልጿል። ይህ ጩኸቱ ከቁጥሩ እንደሚበልጥ ያሳያል። ዘመቻ ግን የሚይዘው ደረቅ ሣር ሲያገኝ ነው። በማርች 2019 በ«ካፕቴን ማርቭል» ላይም ተመሳሳይ ዘመቻ ተከፍቶ ነበር፤ ፊልሙ ግን ቢሊዮን አለፈ። መዝገቡ ሙሉ በነበረ ጊዜ ዘመቻው የመክፈቻውን ገቢ አልነካውም።

የብዛቱ ክርክር ይበልጥ ይከብዳል። ከ2021 ጀምሮ ማርቭል ከፊልሞቹ በተጨማሪ ተከታታይ ድራማዎችን የዲዝኒ የበይነመረብ ማሳያ በሆነው ዲዝኒ ፕላስ ማውጣት ያዘ። «ዘ ማርቭልስ»ን በወጉ ለመረዳት አንድ ፊልምና ቢያንስ ሁለት ድራማ ማየት ይጠይቅ ነበር። ለደጋፊ ይህ ደስታ ነው፤ በዓመት አንዴ ሲኒማ ለሚገባ ቤተሰብ የቤት ሥራ ነው። ፊልሞቹ በወራት ውስጥ ቤት እንደሚገቡ የለመደ ሰውም ለመጠበቅ አይቸግረውም። የወቅቱ የዲዝኒ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቦብ አይገር በ2024 የማርቭል ፊልሞች በዓመት ወደ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት እንደሚቀነሱ ያስታወቁት ለዚህ ነው። «ዘ ማርቭልስ» ላይ ሌላም ዕድለ ቢስነት ተደርቦ ነበር፤ የአሜሪካ ተዋናዮች የሥራ ማቆም አድማ ያበቃው ፊልሙ ከመከፈቱ በዋዜማው ስለሆነ ተዋናዮቹ አላስተዋወቁትም። ሆኖም በዚያው በ2023 የወጣው «ጋርዲያንስ ኦፍ ዘ ጋላክሲ 3» የብዛቱንም ክርክር ያወሳስበዋል። ከሦስት ወር በፊት የወጣው «ኳንተማኒያ» በማባዣ 2 ወድቆ ስሙን ጎድቶ ነበር፤ «ጋርዲያንስ» ግን በ118 ሚሊዮን ከፍቶ ከ3 እጥፍ በላይ ሄደ።

መዝገቡ የማን ነው?

«ጋርዲያንስ» የሚያሳየው መዝገቡ አንድ አለመሆኑን ነው። ስቱዲዮው የራሱ አለው፤ ገጸ ባሕርይው፣ ተዋናዩና ዳይሬክተሩም እንዲሁ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ጋንና ያ ቡድን የራሳቸው ዱቤ ነበራቸው። የ2022ቱ «ላይትይር» ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። የአኒሜሽን ስቱዲዮው ፒክሳር «ቶይ ስቶሪ 4» 1.07 ቢሊዮን ስላስገባለት የአሻንጉሊቱን ባዝ ስም ወስዶ ሌላ ፊልም ሠራ፤ ነገር ግን ድምፁን ሌላ ተዋናይ ሰጠው፣ አሻንጉሊትም አልነበረም። 226 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ልጆቹ የሚወዱት ያንን አሻንጉሊት እንጂ ስሙን አልነበረም። በ2018 በስታር ዋርሱ «ሶሎ» ላይም ያው ሆኗል። ሰው ሃን ሶሎን ይወዳል ሲባል የሚወደው በቀድሞዎቹ ፊልሞች የተጫወተውን ሃሪሰን ፎርድን ጨምሮ ነው፤ ፊልሙም ከ«ዘ ላስት ጀዳይ» አምስት ወር ብቻ ቆይቶ መጣ፤ 393 ሚሊዮን አስገብቶ ከሰረ።

የጎደለው ሲሞላ

ከቅርብ ዓመታት በጣም ንጹሑ ምሳሌ «ሶኒክ» ነው። በኤፕሪል 30 2019 የመጀመሪያው ማስታወቂያ ሲወጣ የገጸ ባሕርይው ጥርስና ዓይን ተመልካቹን አስደነገጠ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር በሁለት ቀን ውስጥ «ሰምተናል፣ እንቀይረዋለን» አሉ፤ ፊልሙም ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 2020 ተገፋ። ለውጡ በዓይን የሚታይ ነበር፤ አዲሱን ፊት ከአሮጌው ጎን አስቀምጦ ማየት ይቻላል። ፊልሙ በ58 ሚሊዮን ከፈተ፤ ሁለተኛው በዓለም ዙሪያ 405፣ ሦስተኛው 490 ሚሊዮን አካባቢ ደረሱ። የታሪክ ድክመት ግን እንዲህ አይታረምም፤ ማስታወቂያ ላይ አይታይምና። ለዚያ የሚሠራው ባትማን የሄደበት መንገድ ነው፤ ዓመታት ዝም ማለት፣ ከዚያ በዝቅተኛ መክፈቻ የሚረካ በጀት ይዞ መመለስ። ይህን የሚታገሥ ስቱዲዮ ጥቂት ነው።

ማርቭል የመረጠው ሌላ ነው። በዲሴምበር 2026 ቀጠሮ የተያዘለት «አቬንጀርስ፦ ዱምስዴይ» የቀድሞውን የአይረን ማን ተዋናይ ሮበርት ዳውኒ ጁኒየርን በሌላ ገጸ ባሕርይ መልሶ ያመጣል። ይህ ከ2019ኙ መዝገብ መውሰድ ነው፤ መክፈቻውም ትልቅ ቢሆን አይገርምም። ለማወዳደር ሲፈለግ ግን «ኤንድጌም»ን መያዝ ያሳስታል፤ እሱ በኤፕሪል በ357 ሚሊዮን ከፍቶ 858 ላይ በማቆሙ ማባዣው 2.4 ነው። የዲሴምበር ፊልም የበዓል ሰሞን ስለሚያግዘው መመዘን ያለበት ከዲሴምበር ፊልም ጋር ነው፤ ለምሳሌ በ2021 በ260 ከፍቶ 804 ከደረሰው «ስፓይደርማን፦ ኖ ዌይ ሆም» ጋር፣ ማባዣው 3.1 ከሆነው። ከዚያ በእጅጉ ካነሰ መክፈቻው ምንም ያህል ቢያስደንቅ፣ ሒሳቡ የሚቀርበው ቀጥሎ ለሚወጣው ፊልም ነው።